ድምፅ በፖስታ

በቀደም ከመካኒሳ ወደ ሀና ማርያም በታክሲ ስንሄድ፣ እኔና ጓደኛዬ ሰናይት የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቀን ወሬ ይዘናል። የጥቅምቱን ብርድ፣ የመብራቱን መጥፋት፣ የውሃውን ፈረቃ፣ አንድም ያልቦጨቅነው የለም። መሃል ላይ ሰናይት፣ ውጭ አገር ያለው ወንድሟ እዚያው አገር ምርጫ ላይ በፖስታ መምረጡን ነገረችኝ። «ድምፁን አሽጎ ላከው እኮ!» አለች። እኔ መቼ አፌ ያርፋል፣ «እኛ በእግራችን ወስደነውም መድረሱን እንጃ!» አልኩና ሳቅሁ።

ታክሲው ጸጥ አለ። ከፊታችን የተቀመጠ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ዞር ብሎ ፈገግ እንደማለት ብሎ ነበር፤ ወዲያው ፊቱን አኮሳተረና ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ሰናይት ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ልጆቼ ትዝ አሉኝ።

ትንሽ እንደሄድን ሰውዬው «ወራጅ አለ!» አለ፣ ማንም በማይወርድበት ቦታ። ከመውረዱ በፊት ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«በእናትሽ እህቴ፣ እኔ እኮ አልሳቅሁም» አለኝ።

ለካ ጆሮ ጠቢ መስዬዋለሁ! «እኔም የፈራሁት አንተን ነው» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣ አለኝ።