ያሳጠርኩት የአሰለፈች ቃል

እትዬ አሰለፈች፣ ዛሬ በሽኝትዎ ካልተናገርኩ ሌላ ቀን አላገኝም። መሥሪያ ቤታችን በመጡ ዕለት መኪናዬ ላይ አንድ ኩንታል አኩሪ አተር አስጫኑ፤ ቦታ ሲጠብብዎት ስኮርታ ጎማዬን አስወረዱ። የኩርሙክ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ምን እናድርግ ስልዎት እሳት አንድድ አሉኝ፤ መኪና እስኪያልፍ አኩሪ አተር ቆልተን ስንቆረጥም ዋልን።

ከዚያ ወዲህ የአኩሪ አተር ወተትዎን ሳይጠጣ ያመለጠዎት የለም። ጥበቃችን ነገራ ጾም ነው ብሎ ሊሸሽ ሲል፣ የጾም መሆኑ ተነግሮት ሁለት ብርጭቆ ጨልጧል።

አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ካላሉም አይሆንልዎትም። ስንስቅብዎት ኖርን። የዚህ አመል መነሻ እኔ መሆኔን ግን እዚህ ያለ ሰው አያውቅም።

ወርቅ አውጪዎቹ መንደር ለማስተማር ስንሄድ እርስዎ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ በርታ ቋንቋ እተረጉማለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አሉ፦ "አኩሪ አተር ሰውነትን ያግዛል፤ የሜርኩሪን ጉዳት ጥቂት ይቀንስ ይሆናል። ሜርኩሪውን ግን ቤት ውስጥ አታቃጥሉት። ጭሱን የሚያቆም ምግብ የለም።" እኔ ዝናቡ ሳይዘን ለመመለስ ቸኩዬ፣ አኩሪ አተር ብሉ፣ ሜርኩሪ አይነካችሁም ብዬ አሳጠርኩት። ሰዉ አጨበጨበ፤ እርስዎም ደስ አለዎት።

ከወርቅ አውጪዎቹ አንዷ፣ ብኸይታ፣ አመነችኝ። ገንፎዋን በአኩሪ አተር ዱቄት እያገነፋች፣ ወርቁን ከሜርኩሪ ለመለየት እዚያው ምድጃዋ ላይ ሁለት ዓመት አቃጠለች። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሄድን፤ ለምን እንዳላቆመች ጠየቋት። "አኩሪ አተር እየበላሁ ነው፤ አይነካሽም ተብያለሁ" አለች። መልሷን የተረጎምኩልዎት እኔው ነኝ። ያን ጊዜ አላሳጠርኩም።

ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። መኪና ውስጥ "ቋንቋውን አስተምረኝ" ብቻ አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በበርታ ራስዎ ይናገራሉ። ለሰው አልነገሩብኝም፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ይቆጨኛል።

ስለ ሁሉም አመሰግንዎታለሁ፤ ይቅርም ይበሉኝ። ለብኸይታ ትናንት ቤቷ ሄጄ፣ ያስቀረሁትን በሙሉ በቋንቋችን ነግሬያታለሁ። ይኸው አጠገብዎ ተቀምጣለች።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ጡረታዎ የዕረፍት ይሁን። በሉ ባልደረቦቼ፣ ብርጭቆ እናንሳ፤ ያው የእርሳቸው ወተት ነው። ለብኸይታ ግማሽ ብቻ ቅዱላት፤ ከሞላ እጇ ላይ ይደፋባታል።