የተነገራት አሠሪ

ደብረ ብርሃን፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ትንሽ ፋብሪካ፤ የፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ እልፍነሽ ቢሮዋ ውስጥ ሳለች፣ የስፌት ክፍል ኃላፊ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ጉልላት ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆልፎታል።

እልፍነሽ፦ ክፈተው አልኩህ!

ጉልላት፦ መጀመሪያ ስሚኝ። ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጣችው ተቆጣጣሪ ግቢ ውስጥ ናት። ሠራተኞቹን እያናገረች ነው።

እልፍነሽ፦ አይቻታለሁ። በሩን ክፈት፣ ጉልላት።

ጉልላት፦ ስትጠይቅሽ «ሰፊዋ ወይንሸት በገዛ ፈቃዷ ሥራ ለቀቀች» በያት። በቃ። ሌላ ምንም አትናገሪ።

እልፍነሽ፦ በገዛ ፈቃዷ? ጨርቅ መጋዘን ውስጥ አብረሃት ገብተህ በር ዘግተህባት በመስኮት ዘላ ነው ያመለጠችው! ክርኗ ተልጦ እዚህ ፊቴ ቆማ ሁሉንም ነግራኛለች።

ጉልላት፦ ቀልድ ነበር እኮ።

እልፍነሽ፦ ማን ሳቀ?

ጉልላት፦ እታለም፣ በሞቴ። ለቤተሰቦቿ ለዕርቅ ሽማግሌ እንላክ። ዱሮስ እንዲህ ያለው በዚያው አልነበር የሚያልቀው?

እልፍነሽ፦ ዱሮ ቀረ። ሕጉ ተቀይሯል። አለቃ ሴት ሠራተኛን እንዲህ ሲተነኩስ፣ አሠሪው ተነግሮት ዝም ካለ እሱም ይጠየቃል። እኔ ደግሞ ተነግሮኛል።

ጉልላት፦ ማን ሰማ? አንቺና እሷ ብቻ!

እልፍነሽ፦ እኔ ሰማኋ።

ጉልላት፦ ፋብሪካው ቢዘጋስ? ያ ሁሉ ሠራተኛ የት ይገባል? አንቺስ?

እልፍነሽ፦ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ያደርኩት ምን እያሰብኩ ይመስልሃል?

ጉልላት፦ እማዬስ? እኔን ታስሬ ካየች እኮ አትተርፍም።

እልፍነሽ፦ እማዬን አታንሳብኝ። አትጠጋኝ! እዚያው ቁም!

ጉልላት፦ እንዴ… እኔን ፈራሽ? በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝን?

እልፍነሽ፦ አዎ፣ ፈራሁህ። ቁልፉን እጅህ ላይ ሳይ ዓይኔ መስኮት ፈለገ። ያቺ ልጅ ምን እንደሆነች አሁን ገባኝ።

ጉልላት፦ አልነካሽም! እኔም ፈርቼ ነው። ሁሉንም ያመጣችው እሷ ናት። ሄዳ ከሰሰችኝ፣ አይደል?

እልፍነሽ፦ እሷማ ከዚያ ወዲህ ከቤትም አልወጣች። ስልኳንም ዘግታለች።

ጉልላት፦ ታዲያ ተቆጣጣሪዋን ማን ጠራት?

እልፍነሽ፦ እኔ ነኝ። አሁን በሩን ክፈትላት።