ሙከራው ላይ ማን ይቀመጥ?

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ ሞተር ደግሞ ጭራሽ። ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ጋራዥ ስሠራ አንድ ፈረንጅ አብራሪ በሳጥን ተበታትና የመጣች ትንሽ አውሮፕላን ይገጣጥም ነበር፤ መኪና ከማይገባበት ደጋ በሽተኛ ሊያወርድባት። ሞተር ብቻ ቀርቷታል። "አዲስ ልዘዝ ወይስ ይሄን ልውሰድ?" ብሎ አንድ ደላላ ያመጣለትን ያገለገለ ሞተር አሳየኝ። "ባለፈው ሳምንት ተፈትቶ ታድሷል" አለ ደላላው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ብሎኖቹ አናት ላይ አሮጌው ቀለም እንዳለ ነው፤ ቁልፍ ቢነካቸው ኖሮ ይላጥ ነበር። "ወንድሜ፣ እኛ ጋ ፍሬን የሠራ ሰው ሙከራው ላይ አብሮ ይቀመጣል። አንተስ የመጀመሪያው በረራ ላይ አብረኸው ትወጣለህ?" አልኩት። "እኔ እንኳ ደም ግፊት አለብኝ" አለና ሞተሩን መልሶ ጫነ።

አዲሱ ሞተር ሲመጣ እያንዳንዷን ብሎን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። እጄን እየጠረግኩ "በቃ፣ አልቋል" ስለው ፈረንጁ ከኋላ ያለችውን ወንበር መታ መታ አደረጋት። "ና ተቀመጣ! እናንተ ጋ እንደዚያ አይደለም እንዴ?" አለኝ። "ትንሽ ጠብቀኝ" አልኩትና ቁልፌን አንስቼ፣ በገዛ እጄ ያጠበቅኩትን ሁሉ እንደ አዲስ መፍታት ጀመርኩ።