«እኔን!» ያለኝ ጭራቅ

ጭራቅ ሲመርቁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መርቄያለሁ። አምና ልጄ እየጎተተች ለሃሎዊን፣ ሰዎች ጭራቅ መስለው ለሚያስፈራሩበት የአሜሪካኖች በዓል፣ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ያለ የመዝናኛ ፓርክ ወሰደችኝ። በጨለማው ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ አንድ ጭራቅ መጋዝ ይዞ ሲያባርረኝ ተደናቅፌ በግንባሬ ተደፋሁ። ጭራቁ መጋዙን ወርውሮ በአማርኛ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አይል መሰላችሁ! ደግፎ አነሳኝ፤ ጉልበቴን አራገፈልኝ፤ «ተጎዳሽ እንዴ እናቴ?» አለኝ። ከዚያ ሥራው ትዝ አለውና እያጓራ ሌላ ሰው ማባረር ጀመረ። እኔማ ኑሮዬ ሥራና ቤት ብቻ ሆኖ፣ ስወድቅ «እኔን» የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበር።

ዘንድሮ ሳላመሰግነውማ አልቀርም ብዬ ልጄን የምጎትታት እኔ ሆንኩ። የተቆረጠ ጣት የሚመስል ኩኪስ ገዝቼ ገባሁ። ግን ጭራቆቹ ሁሉ ጭንብል አጥልቀዋል! «ማሚ፣ ዊች ዋን? የቱ ነው?» ትለኛለች ልጄ። ምን ላድርግ? አውቄ ዘጭ አልኩ። አንዲት ጠንቋይ ሮጣ መጥታ «አር ዩ ኦኬይ ማም?» አለችኝ፤ ልጄ በእፍረት ፊቷን ሸፈነች። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል፣ አጠገቤ ከቆመ የሬሳ ሣጥን ውስጥ «እኔን!» የሚል ድምፅ ወጣ።

«አገኘሁህ! ተባረክ፣ ክፉ አይንካህ!» ብዬ ኩኪሱን አጎረስኩት። ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ ጎረሰ። ወደ ሣጥኑ ተመለሰ ስል ዞር አለና፣ «እናቴ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ አፉን ከፈተ።