ወይኑን የገደለው ማን ነው?

ሰው በገዛ አለማወቁ ያበላሸውን ነገር በጎረቤቱ ላይ ሲያላክክ ማየት ሁልጊዜ ያስቆጣኛል። የዚያን ቀን ያህል የተቆጣሁበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ታዛ ሥር ተጠለልሁ። ሽማግሌውን ሰፊ የሰፈሩ ሰው «ጋሽ በልኩ» ይላቸዋል፤ ሱሪም ይሁን ኮት ሰፍተው ሲያስረክቡ «ይኸውልህ፣ በልኩ!» ማለት ስለሚወዱ ነው። ያን ዕለት ግን ከስፌት መኪናቸው ፊት አልነበሩም። ዝናቡ እየወረደባቸው ከጎረቤት የሚያዋስናቸውን የቁጥቋጦ አጥር እየነቀሉ በምትኩ ቆርቆሮ ያቆማሉ። ስለ ተክል አያያዝ ተምራ በቅርቡ የተመለሰችው ሴት ልጃቸው ደግሞ መዶሻውን ከኋላዋ ደብቃ «አልሰጥም» ብላለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ ከሩቅ። «አባት ለልጁ መዶሻ አምጪ ማለት አይችልም?»

«ይችላል እንጂ። ግን በዚህ ዝናብ ምን አስቸኮለዎት ጋሼ?»

«የዚህችን ሴትዮ ዓይን ልከልል ነዋ!»

«ይህች ሴትዮ» ያሏቸው ከአጥሩ ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩትን አዋላጅ ነው። በዚያ መንገድ ከሚሯሯጡት ልጆች ብዙዎቹን፣ መዶሻውን የደበቀችውንም ልጅ ጭምር፣ በእጃቸው ተቀብለው ለእናቶቻቸው ያሳቀፉ ሴት ናቸው።

«የወይኔ ፍሬ ሊደርስ ሲል ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስልና ይበሰብሳል» አሉ ጋሽ በልኩ። «የማንጎው አበባ ጠቁሮ ይረግፋል። ብርቱካኑ ቀጭጮ ቀረ። እሷ በመስኮቷ ብቅ ትልና ‹ዘንድሮስ አማረ!› ትላለች፤ ሳምንት ሳይሞላ ድምጥማጡ ይጠፋል። ታዲያ ይህ ዓይን ካልሆነ ምንድነው?»

«ይህን ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

«ለማን ያልነገርሁት አለ!»

ልጅቱ መዶሻውን መሬት ላይ ወረወረችው። «ነግረውማ ነግረዋል፣ አባባ! ከወዲያኛው መንገድ ያለችው ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ለምን እሳቸውን እንዳልጠራች ያውቃሉ? ‹ዓይናቸው ያጠፋል› ስለተባለች ነው። እዚህ አፍንጫዋ ሥር አዋላጅ እያሉላት፣ ሩቅ ሐኪም ቤት ልትሄድ ስትል በጭቃ መካከል ወለደች። እናትና ልጅ የተረፉት በተአምር ነው።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ» አልኋቸው፣ «በአንድ ዘለላ ወይን ምክንያት የሰው ነፍስ ሊጠፋ ነበር ማለት ነው!»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርሁት» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ልጅቱ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና በለዘበ አንደበት ጠየቀቻቸው። «መልካም፣ ያዩትን ልጠይቅዎት። ስንት የወይን ሐረግ አለን?»

«ሁለት።»

«በእትዬ መስኮት ፊት ለፊት ያለው የትኛው ነው?»

«ከግድግዳው ተጠግቶ ከታዛው ሥር ያለው።»

«የጓሮውስ ይታያቸዋል?»

«ቤቱ ጋርዶት እንዴት ይታያታል?»

«የሚበሰብሰው የትኛው ነው፣ አባባ?»

ጋሽ በልኩ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። የጓሮው ሐረግ ቅጠሉ ሻግቷል፣ ፍሬው ፈንድቶ ይሸታል። ተመልሰው የታዛውን ቅጠል ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ንጹሕ ነው። አዋላጇ በየማለዳው የሚያዩት ሐረግ ደኅና ሆኖ፣ ዓይናቸው ያልደረሰበት ሞቷል!

«ወይን ቅጠሉ ሲረጥብ ውሎ ሲረጥብ ካደረ ይሻግታል» አለች ልጅቱ። «ይኸኛውን ያዳነው ታዛው ነው። የእኛ ሰማይ ዝናቡ ብዙ፣ ብርዱም ሙቀቱም ለዘብ ያለ ነው። ማንጎ ሲያብብ ደረቅና ሞቃት አየር ይፈልጋል፤ ብርቱካንም ፀሐይ ካላገኘ አይጣፍጥም። እርስዎ የሰው ቁመት ሳይለኩ ጨርቅ ይቆርጣሉ?»

«ሞቼ ነው!»

«ታዲያ ሰማዩን ሳይለኩ ለምን ይተክላሉ?»

«ችግኝ ሻጩ የትም ይበቅላል ብሎኝ!»

ይህን ስሰማ ቁጣዬ ወደ ሻጩ ዞረ። «መብቀሉንማ ይበቅላል! እንደማያፈራ ግን ለምን አልነገረዎትም? በዝናብ አገር ቆሞ የቆላ ችግኝ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው እንጂ ነጋዴ አይደለም!»

ጋሽ በልኩ ግን በዚህ አልተጽናኑም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ያደግሁት ቆላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴ ደጅ አንድ ማንጎ ነበረ። እኔ ፍራፍሬ አምሮኝ መሰላችሁ? የእናቴን ደጅ ልተክል ነው የፈለግሁት።»

ልጅቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። «የአያቴ ደጅ ፀሐዩም አብሮት ነበር፣ አባባ። እሱን ከየት እናምጣው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆንብን።»

«እሺ፣ በብብታችን ምን አለን?»

«ፖም አለ፤ ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ይወዳል። ግን ዘራቸው የተለያየ ሁለት ዛፎች ይቀራረቡ፤ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ካልተመላለሰች ፍሬው አይዝም። ዝናብ የሚያመጣውን የቅጠል እከክ የሚችለውን ዘር መርጠን እንገዛለን። ፕሪም አለ። በአጥሩ ላይ ደግሞ እሾሃማው እንጆሪ ይንጠላጠል፤ እርጥበት ይስማማዋል። ብቻ ሥሩ ውሃ እንዳይተኛበት አፈሩን ከፍ አድርገን እንትከል። ወይኑም አይቅርብዎ፤ ከታዛው ሥር ይኑር።»

ሽማግሌው ተነሡ። ቆርቆሮውን አንስተው ከግድግዳው አስደገፉትና በዚያው በራሰ ልብሳቸው የአዋላጇን በር አንኳኩ።

አዋላጇ ሁሉንም ሰሙ። አልጮኹም። «ለእኔ ብቻ ይቅርታ ማለት ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ስሜን በየደጁ አዙረው ረግጠውታል። በዞሩበት ደጅ ሁሉ ተመልሰው ዋሸሁ ይበሉ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» በሩንም ዘጉ።

ደግ አደረጉ! በአደባባይ የተጣለ ስም በጓዳ አይነሣም። ጋሽ በልኩም ሰው ናቸው፤ እፍረታቸውን ዋጥ አድርገው ከቤት ቤት ዞሩ፣ «በሴትዮዋ ላይ የተናገርሁት ሐሰት ነው፤ ወይኔን የገደለው ዝናብ ነው» እያሉ። የሳቀባቸው ሳቀ፣ ያመናቸውም አመነ። በነቀሉት አጥር ቦታ የተተከለውን እንጆሪ መጀመሪያ ውሃ ያጠጡት አዋላጇ ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ ያ ግቢ ሌላ ሆኗል። ፕሪሙ ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ ያፈራል፤ ፖሙ ከቤት ተርፎ ለጎረቤት ይዳረሳል፤ እንጆሪው በሁለቱም ወገን ይለቀማል። በከንቱ መድኃኒት መርጨት ቀረ፤ በየዓመቱ ነቅሎ መትከል ቀረ። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው ጎረቤት ከጎረቤት መታረቁ ነው። ጋሽ በልኩ አሁን ችግኝ ተራ ሲያልፉ ማንጎ የያዘ ሰው ካዩ «ሰማዩን አላየኸውም ወይ?» ብለው ችግኙን ለሻጩ ያስመልሱታል ይባላል።

አንዲት ግትር ባልቴት ብቻ ከሐሜቱ አልተመለሱም። ጋሽ በልኩ ፍሬ በደረሰ ቁጥር ቅርጫት ይዘው ደጃቸው ይቆማሉ፤ ባልቴቲቱ አይከፍቱም። ባለፈው ሰኞ ግን እሳቸው ሳያንኳኩ በሩ ተበረገደ። ባልቴቲቱ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ቆመዋል።

«የልጄ ሚስት ምጥ ይዟታል» አሉ፤ ቀጥሎም በተሰበረ ድምፅ፣ «ሴትዮዋን ይጥሩልኝ።»

ጋሽ በልኩ ፕሪሙን እዚያው ደጁ ላይ በትነው፣ በዚያ የሽማግሌ ጉልበታቸው ወደ አዋላጇ ቤት ሮጡ።