ሰም ወይስ ቫርኒሽ

ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንሄድ አንድ አናጢ የቫርኒሽ ቆርቆሮ ታቅፎ ከኋላዬ ተቀምጧል። አጠገቡ የተሳፈሩ አንዲት እናት ቆርቆሮውን አይተው ጠየቁት።

«ለጣውላ ወለል ይሄ ይሻላል ወይስ ሰም?»

«ቤቱ ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩ እማማ?»

«እኔው ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያ ቫርኒሽ ነው። አንዴ ከቀባሁልዎ ለዓመታት ማንንም አይፈልጉም።»

«ሰሙስ?»

«የሰም ጣጣው ብዙ ነው። በየወሩ ሰው እየመጣ ቀብቶ መወልወል አለበት።»

«ማን ነው የሚመጣ?»

«ካሉኝ እኔው እመጣለሁ።»

«ቀኑን ይፈጃል?»

«ይፈጃል እንጂ። ምሳ ሰዓትም ያልፋል።»

«ምሳ እኔ ጋ ትበላለህ። ሰም ይሁንልኝ።»

ሲሪንቃ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ፤ ጆሮዬን ወደ ኋላ እንደጣልኩ አለፍናት።