የአቶ ካሣ ቦቴ የት ዋለች?

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እኔ ስዩም ሰመራ ላይ ለአርብቶ አደሩ ውኃ የሚያመላልሱ ቦቴዎችን ስምሪት እቆጣጠር ነበር። ሥራው ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቦቴው ይሞላል፣ ወደታዘዘበት መንደር ይሄዳል፣ የመንደሩ ማጠራቀሚያ ሮቶ ውስጥ ገልብጦ ይመለሳል። መድረስ አለመድረሱን ግን ከሾፌሩ አፍ በቀር የሚነግረኝ አልነበረም። ጠባቂ አብሬ ልላክ እንዳልል ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል?

አንድ ቀን ከዱብቲ ወደ ሰመራ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከማህሌት ጎን ተቀመጥሁ። ማህሌት ሰመራ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የምታስተምር ወጣት ናት። ጉልበቷ ላይ ትንሽ ካርቶን አቅፋለች። ከፊታችን ደግሞ የእኛው ቦቴ ሾፌር አቶ ካሣ ነበሩ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ለጥጥ ለቀማ ከወሎ ወርደው በዚያው የቀሩ፣ መሪ ይዘው ያረጁ ናቸው። በዚያ ሰሞን ስማቸው በክፉ ይነሳ ነበር። በጂቡቲ መንገድ ካለችው ከዲቾቶ ከተማ ወዲህ ያለው የሽማግሌው የያዮ መንደር «ውኃ አልደረሰንም» ይላል፤ ወሬኛው ደግሞ «ካሣ ውኃውን መንገድ ላይ ይሸጠዋል» ይላል። አለቆቼ አጣርቼ ካላቀረብሁላቸው ሊያባርሯቸው ቆርጠዋል። እርሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

«ካርቶኑ ምን ይዟል?» አልኋት።

«የሚገጣጠም ጂፒኤስ ነው ጋሼ። ዕቃው ተበታትኖ ነው የሚመጣው፤ በይደን እኛው እንሠራዋለን። መኪና ላይ ሲቀመጥ የተሄደበትን መንገድ ሁሉ ይመዘግባል።»

አቶ ካሣ ባንድ ጊዜ ዞሩ። «ሰላይ በካርቶን መጣልን በሉኛ!»

«ሰላይ እንኳ አይደለም ጋሼ ካሣ።»

«የዋልሁበትን ከመዘገበ ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? ልጄ፣ እኔ ይህን በረሃ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ከላይ የሚያየኝም እግዚአብሔር ይበቃኛል።»

«ሳተላይቱ እርስዎን አያይዎትም። ሬዲዮ ሲከፍቱ ጣቢያው ካሣ እየሰማኝ ነው ብሎ ያውቃል?»

«ከየት አውቆ!»

«ይህም እንደዚያው ነው። ሳተላይቶቹ ሰዓታቸውን ይናገራሉ፤ ዕቃው ይሰማና የት እንዳለ ራሱ ያሰላል። ያሰላውን ለማንም አይልክም፤ ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ይጽፈዋል። ካርዷን የሚነቅሏት እርስዎ ነዎት። አላሳይም ካሉም መብትዎ ነው።»

አቶ ካሣ መልሱ ሳይጥማቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አቶ ስዩም፣ የእኔ ቃል አይበቃም? እንዲህ እስካረጅ ያገለገልሁት ብረት እንዲመሰክርልኝ ነው?»

«ለእኔ ይበቃኛል፤ ለአለቆቼ ግን አልበቃም» አልኋቸው። ነገሩን ማለስለስ እችል ነበር፤ ነገር ግን ሰውን በማባበል ከሥራው ከማስባረር እውነቱን መንገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አቶ ካሣም ሰመራ ሲወርዱ «ስትሠሪው ልየውና ልወስን» አሏት።

ዕቃውን በማግስቱ ማህሌት በምታስተምርበት ክፍል ገጣጠምነው። በትንንሽ ከረጢት የመጡትን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው፤ ሳተላይት የሚሰማው ክፍል፣ ካርዷ የምትገባበት፣ ባትሪውና ሁሉን የሚያስተሳስረው አረንጓዴ ሰሌዳ። ነፋሱ ብየዳውን ስለሚያበላሽባት የጣራውን ቬንትሌተር አጠፋችው። በሰመራ ሙቀት ቬንትሌተር ያጠፋ ሰው ለጥበብ ምን ያህል እንደሚጨክን ያን ቀን ገባኝ። አቶ ካሣ ሰሌዳውን በፒንሳ ይዘው ላባቸው ይንጠባጠባል።

«ተሠርቶ ያለቀውን ለምን አትገዢም?» አሉ።

«ተሠርቶ የመጣ ሲበላሽ ተጥሎ ይቀራል። በእጄ የበየድሁትን ግን ሲበላሽ በእጄ እፈታዋለሁ።»

እሳቸውም ሞተራቸውን ለሰው የማይሰጡ፣ ራሳቸው የሚፈቱ ናቸውና ይህ ነገር ሆዳቸው ገባ። ዕቃውን ተቀብለው በማግስቱ ወደ ያዮ መንደር ውኃ ይዘው ሄዱ።

ሲመለሱ ካርዷን በኩራት አስረከቡን። ማህሌት ኮምፒውተሯ ላይ ብትከፍታት ባዶ ናት። በዚያው ሳምንት ያዮ ደግሞ «አሁንም አልመጣም» ብለው ላኩብን። ደሜ ፈላ። የሚደብቀው ያለው ሰው ካልሆነ መዝጋቢውን ማን ያጠፋዋል? አልሁ።

«የት ነበር ያስቀመጡት ጋሼ?» አለች ማህሌት።

«በክብር ነዋ! ፀሐዩ እንዳያቀልጠው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ከመቀመጫዬ ሥር፣ ከምጠጣው ውኃ አጠገብ።»

ማህሌት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም ከቁጣዬ ወደ ሳቅ፣ ከሳቄ ወደ እፍረት ተሸጋገርሁ። የበረሃ ሾፌር የሚሳሳለትን ነገር ሁሉ የሚያኖረው እንዲያ ነውና ሰውዬው ዕቃውን አከበሩት እንጂ አልደበቁትም።

«ሰማይ ካላየ አይሰማም» አለቻቸው። እርጥበት የበላውን ሽቦ ፈትታ በአዲስ በየደችና ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዕቃ ከታ መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ላይ አሰረችላቸው።

አቶ ካሣ ከቀጣዩ ጉዞ ሲመለሱ ያዮ ራሳቸው ሊከሱ መጥተው ቢሮዬ ተቀምጠው ነበር። የያዮ ፊት በጥም ከስሟል። ማህሌት ካርዷን ከፈተች። በዚህ ጊዜ አንድ ቀጭን መስመር ከሰመራ ተነስቶ በጂቡቲ መንገድ ወጣና ከአስፋልቱ ታጥፎ በረሃው ውስጥ ቆመ።

«እዚህ ለረጅም ጊዜ ቆመዋል» አለች።

«ውኃ እየገለበጥሁ ነዋ!» አሉ አቶ ካሣ። «ዲቾቶ ገብቻለሁ? አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜያለሁ?»

«አልቆሙም። በቀጥታ ሄደው በቀጥታ ተመልሰዋል።»

ያዮ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ። «ከመንገዱ የወጣው የት ነው?»

«ከደረቁ ወንዝ ወዲህ» አሉ አቶ ካሣ።

«ወላሂ፣ እኛ ከወንዙ ማዶ ነን! ሣር ፍለጋ ተሻግረናል። ሮቶውንም እያንከባለልን ወስደናል።»

«ሮቶ እኮ አለ! ሰውም አለ፤ እየመረቁ ነው የተቀበሉኝ!»

«እነዚያ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ሮቶውም የእነሱ ነው። ውኃ ይዞ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል?»

አቶ ካሣ ሌባ አለመሆናቸው ተረጋገጠ፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁት በረሃ ሲቀየር አለማየታቸውም አብሮ ተረጋገጠ። የቱ እንደከበዳቸው ፊታቸው ይናገር ነበር።

«ካሣ፣ ልጄን መንገድ ላይ አቁሜልህ ነበር» አሉ ያዮ በቀስታ። «ዱላውን አንስቶ ሊያስቆምህ ሞከረ። መሻገራችንን በዳጉ ሊነግርህ።»

ዳጉ የአፋሮች ወግ ነው። መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ሌላው ሰው ጋዜጣ የሚያነብበትን ጉዳይ እነሱ በዚህ ይጨርሱታል።

አቶ ካሣ ግንባራቸውን ያዙ። «አስታውሰዋለሁ። ጥሩምባ ነፍቼ፣ እጄን አውለብልቤ አለፍሁት። ውኃው እንዳይዘገይባችሁ ብዬ እኮ ነው ያዮ!»

ያዮ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ፍየሎቼ አለቁ። ልጆቹ ጭቃ ጨምቀው ጠጡ። ነገ ና።»

በማግስቱ አብሬ ሄድሁ። ደረቁን ወንዝ እንደተሻገርን ከአባቱ አጠገብ የቆመው የያዮ ልጅ ዱላውን አነሳ። አቶ ካሣ ሞተሩን አጠፉ፤ ወርደውም ቦቴው ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ከሰላምታ በኋላ ሁሉን ተናገሩ። የት እንደታጠፉ፣ ለማን እንደገለበጡ፣ ማንን ሳያናግሩ እንዳለፉ፣ መዝጋቢውንም በጆንያ እንደጠቀለሉት። ማንም አላቋረጣቸውም። እኔ ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ሰው ጥፋቱን እንዲያ ቀጥ አድርጎ ሲናገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሲጨርሱ ያዮ «ውኃችንን የሸጥህ መስሎን ነበር። አልሸጥህም። አልጠየቅህም እንጂ» አሏቸውና ከመሬት አነሷቸው።

ከዚያ ወዲህ ማህሌትና ተማሪዎቿ ለቀሩት ቦቴዎችም እያንዳንዱን መዝጋቢ በይደው ሠሩ። ጥቅሙን ከቢሮዬ ሆኜ አየሁት። ታማኝ ሾፌር በወሬ አይባረርም፤ የተሳሳተውም የት እንደተሳሳተ ስለሚታይ ውኃው በቶሎ ይቃናል፤ ዕቃው ሲበላሽ የሚፈታው እዚሁ ሰመራ አለ። ሆኖም መዝጋቢው የሚነግረን የሄድንበትን ብቻ ነው። መሄድ የነበረብንን ያወቅነው ከያዮ ነው።

ይህንን ከእኔ ይልቅ አቶ ካሣ አሳጥረው ይናገሩታል። አንድ አዲስ ሾፌር ዕቃውን ዳሽቦርዱ ላይ አይቶ «ጋሼ፣ ይቺ ሰላይ አትሰለችዎትም?» ሲላቸው እኔም ቆሜ ነበር።

«ሰላይ አትበላት» አሉት። «ሌባ ሲሉኝ፣ አይደለም ያለችው እሷ ናት። ሰማይ እንድታይ ፊት ለፊት አስቀምጣት። አንተ ደግሞ ዱላ ያነሳ ሰው ስታይ ሞተርህን አጥፋና ውረድ፤ እኔ ባለመውረዴ ልጆች ጭቃ ጠጥተዋል።»